አንድ ድንጋይ ለሦስት ማጅራት

በአንድ ወቅት፣ ነፍሰ ገዳይን ወፍ ታጋልጥ በነበረበት ዘመን፣ ግራር አፋፍ በምትባል መንደር አንድ ንብ አርቢ ከቀፎዎቹ ሥር ሞቶ ተገኘ። አትሳቁ፤ ወፏ ላባ የላትም፣ ማን እንደሆነች ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቅ። ከመካከላችሁ ለፍርድ የሚቸኩል ካለ ምላሱን ይያዝልኝ። እኔም ይህን ነገር መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ ሦስት ጊዜ ፈርጄ ሦስት ጊዜ አፍሬያለሁ።

ሟቹ ዋሴ ይባላል። አርባ ቀፎ፣ አንድ ወንድምና አንዲት ሚስት ነበሩት። ማለዳ ማር ሊቆርጥ እንደወጣ ማጅራቱን በፍልጥ ተመትቶ በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ። ሁለት ቀፎ ተሰብሯል፣ ማሩ የለም። ንቦቹ ግን አልሄዱም። በጋቢው ላይ ሰፍረው ጋቢውን አጥቁረውት ነበር። ሬሳውን ሲያነሱት ማንንም አልነደፉም፤ ዝም ብለው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ቃሬዛውን ተከተሉት። ይህን ያዩ ሽማግሌዎች «ይህ ደም በአንድ ሰው አያበቃም» አሉ። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ።

ሬሳውን ያገኙት ሰዎች ቢደነግጡም አንድ የብልህ ሥራ ሠሩ። ከሟቹ ራስጌ፣ እርጥቡ አፈር ላይ፣ የሰው ዱካ ነበር። በዚያ አገር የገዳይን ዱካ አተኩሮ ያየ ሰው ከደሙ ይካፈላል ይባላል። ስለዚህ ፊታቸውን አዙረው ትልቅ እንቅብ ደፉበት፤ በእንቅቡ ላይ ድንጋይ ጫኑና መርማሪ ይላክልን ብለው ወደ አውራጃው ከተማ ሰው ሰደዱ።

የተላከው ሃምሳ አለቃ አሰግድ ነበር። አሰግድ ነፍስ ሲጠፋ ከሁሉ በፊት የሚጠራ መርማሪ ነው። ጭቃ አይቶ ሰውየው ሸክም ይኑረው አይኑረው፣ ይሩጥ ይፍራ፣ ይነግርሃል ይሉታል። አዲስ ፖሊሶችን ሲያሠለጥን አንድ አባባል ነበረችው፤ «ዱካ ብቻውን አይሄድም። አንዱን ስታገኝ ደስ አይበልህ፣ ሁለተኛውን ፈልግ።» ይህችን አባባሉን ያዙልኝ።

አሰግድ የግራር አፋፍ ልጅ ነው፤ የጭሰኛ ልጅ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ተራ ፖሊስ ሳለ፣ አትጠገብ የምትባል የመንደሩን ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ልኮ ነበር። አባቷ «ደሞዝ ታርሶ አይበላም» ብለው ሽማግሌዎቹን ጠላ እንኳ ሳያቀምሱ ሸኟቸው። ልጅቱንም ለባለ አርባ ቀፎው ዳሯት። ለማን እንደሆነ ገብቷችኋል፤ ለዋሴ ነው። አሰግድ ከዚያ ወዲህ አላገባም፤ ለምን ሲሉት «ሥራ በዛብኝ» ይላል። እንግዲህ የሞተው የአትጠገብ ባል ሆነ፤ ገዳዩን እንዲፈልግ የታዘዘውም ይኸው አሰግድ ሆነ። ለአለቃው «ሴትዮዋን አውቃታለሁ፣ ሌላ ሰው ላክ» ማለት ይችል ነበር። አላለም። በቅሎውን ጫነና ወጣ።

ለቅሶ ቤት ገብቶ እጅ ነሳ። አትጠገብ በባዶ እግሯ መሬት ላይ ተቀምጣለች። የአሰግድ ዓይን በሥራ ልማድ መጀመሪያ የሚያርፈው ከሰው እግር ላይ ነው። የቀኝ እግሯ ትንሿ ጣት በአጠገቧ ባለችው ጣት ላይ እንደወጣች ናት። ልጅ ሳለች በቅሎ ረግጧት ነው፤ ያን ቀን እያለቀሰች አዝሎ እቤቷ ያደረሳት እሱ ራሱ ነበር። ከእግሯ ወደ ፊቷ ቀና ሲል፣ በነጠላዋ ጥግ፣ ከጆሮ ግንዷ ላይ የቆየ ሰምበር አየ። ዋሴ እጁን የማይሰበስብ ሰው እንደነበር መንደሩ ሁሉ ያውቃል። አሰግድ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ነገር በአንድ ጊዜ ደረቱ ላይ ተነሳበት።

«እግዜር ያጽናሽ፣ ወይዘሮ አትጠገብ።»

«እግዜር ይስጥልን፣ ሃምሳ አለቃ። መምጣትዎን ሰምቼ ነበር።» ሰው ፊት ስለሆነ አንቱ አለችው።

«ያን ማለዳ የት ነበርሽ?»

«እቤቴ። እሳት እያያያዝኩ።»

«ከቤት አልወጣሽም?»

«ወዴት እወጣለሁ?» አለችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ወደ ቀፎዎቹ ብቻውን ወረደ። የመንደሩ ጭቃ ሹም አብሬህ ልውረድ ቢሉት «ሰው ሲበዛ ንብ ይቆጣል» ብሎ መለሳቸው። የክረምቱ ጭራ ነው፤ ከሰዓት በኋላ መዝነቡ ገና አልቀረም፣ ሰማዩም ጠቁሯል። ድንጋዩን አነሳ። እንቅቡን ገለጠ። ትንሿ ጣት በአጠገቧ ባለችው ጣት ላይ ወጥታ፣ ጭቃው ላይ ቁልጭ ብላ ታትማ አገኛት።

ዕድሜ ልኩን ዱካ ሲያነብ የኖረ ሰው፣ በዚያች ቅጽበት ዱካ አላየም፤ አትጠገብን አየ። ተንበርክኮ ቆየ። ይህን እግር በገመድ ለክቼ ለዳኛ ባቀርብ ትሰቀላለች፤ ገመዱን ያቀበልኩት እኔ ነኝ፤ እያለ አሰበ። ነገሩን እንዳለ እንናገር ካላችሁ፣ ከዚህ ሐሳብ ሥር አንድ ሌላ ሐሳብ ነበር። ባሏ ሞቷል፣ የሚል። ሐሳቡ ራሱን አሰግድን አስፈራው። ግን አላባረረውም።

በእጁ አላጠፋውም። ይህን በኋላ ደጋግሞ ተናግሯል። እንቅቡን ገልብጦ ከጎን አስቀመጠና ሄዶ ከአንድ ወይራ ሥር ተጠለለ። ዝናቡ ጣለ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ መጀመሪያ ጣቶቹን ሞላ፣ ቀጥሎ ተረከዙን ሞላ፣ ከዚያ ሁሉንም አለሰለሰው። ሲያባራ እንቅቡን መልሶ ደፋ፣ ድንጋዩን መልሶ ጫነ። ንቦቹ ከቀፎው አፍ ላይ ተደርድረው ነበር፤ ድምፅ አልነበራቸውም። አፋፉ ላይ ሲወጣ ጭቃ ሹሙ ጠበቁት።

«እህስ?»

«ዱካውን አይቼዋለሁ። ማንም እንዳይነካው።»

ለምን እንዲህ እንዳለ ራሱም አያውቅም፤ የልማድ አነጋገር ነው። ይህች ቃል ግን መንደሩን በሙሉ አሳረፈች። ከአሰግድ ዓይን ዱካ አያመልጥማ።

አሁን ወፏን ላምጣላችሁ። በዚያ ዘመን ገዳይ ሲጠፋ አውጫጭኝ ይታወጃል። የመንደሩ ወንድ ሁሉ ከዋርካው ሥር ይሰበሰባል፤ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት መመለስ የለም። በጎን በኩል የቅጠል ዳስ ይሠራል። ከዳሱ ውስጥ አንድ የታመነ ሽማግሌ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ይቀመጣል። ሰዉ አንድ በአንድ እየገባ የሚያውቀውን ከኋላው ያንሾካሹክለታል፤ የማያውቀውም ገብቶ «አላውቅም» ብሎ ይወጣል፣ የተናገረው ካልተናገረው እንዳይለይ። ያ የተናገረው ሰው ነው ወፍ የሚባለው። ሽማግሌው የወፏን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ለአደባባይ ሊያወጣ፣ የወፏን ስም ግን መቃብር ድረስ ይዞ ሊወርድ ወንጌል መትቶ ይምላል። ሴት አውጫጭኝ አትገባም። ይህንንም ያዙልኝ።

ለዳሱ የተመረጡት ግራዝማች አምባዬ ነበሩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በነገር የማይታሙ ሰው ናቸው። ያኔ አሰግድ የላካቸው የጋብቻ ሽማግሌም እሳቸው ነበሩ። ሁለት ቀን ሙሉ ሰዉ ገባ ወጣ፤ ሁሉም «አላውቅም» ነው። አሰግድ ከዋርካው ግንድ ተደግፎ ይጠብቃል። ልቡን የሚያጽናናው እንዲህ እያለ ነበር፤ ሌላ ገዳይ ካለ ወፏ ታወጣዋለች፣ ከሌለም ሁሉም አላውቅም ብሎ ይበተናል፤ የኔ አንድ ዱካ ለማንም አታስፈልግም።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ወፍ ገባች። «ዋሴን የገደለው ላቀው ነው። ማለዳ ፍልጥ ይዞ ሲወርድ አይቻለሁ» አለች። ግራዝማች ዞረው አላዩም፣ ማየትም ክልክል ነው። ድምፁን ግን አወቁት። ከላቀው ጋር በድንበር ሦስት ዓመት የተካሰሰ ሰው ድምፅ ነው፤ ሁለቱን ሲዳኙ የከረሙትም እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ወፏ ቂም እንዳላት አወቁ። ይህን ቢናገሩ ግን ማን እንደሆነች ያን ጊዜውኑ ይታወቃል፣ መሐላቸውም ፈረሰ። ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ ራሳቸውን በአንድ ነገር አሳመኑ፤ ዱካው ተከድኖ አለ፣ ላቀው ንጹሕ ከሆነ ዱካው ነጻ ያወጣዋል። ብድግ ብለው ወጡ።

«ወፏ ላቀው ብላለች» አሉ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሰዉ ሁሉ ወደ አንድ አጭር፣ ደረተ ሰፊ ገበሬ ዞረ። ላቀው ባለፈው ሐምሌ የእርሻ በሬውን የዋሴ ንቦች ነድፈው ገድለውበት ነበር። ያን ጊዜ ቅዳሴ ሲወጣ «በሬዬን ያልማረ ንብ ጌታውንም አይማረው» ሲል ብዙ ሰው ሰምቶታል። አሁን ሁሉም ያን አስታወሰና እርስ በርሱ ተያየ።

ላቀው አልጮኸም፣ አልተራገመም። ተቀምጦ ሁለት እግሩን ወደፊት ዘረጋ።

«ይኸው እግሬ። ዱካው ተከድኖ የለም እንዴ? እንቅቡን አንሱና ለኩኝ!»

እውነቱን ነው፣ ተባለ። ሰዉ ሁሉ ተግተልትሎ ወደ ቀፎዎቹ ወረደ። ላቀው ከፊት ነበር፤ ወደ ፍርድ ሳይሆን ወደ ሠርግ የሚሄድ ይመስል ነበር። ግራዝማች እፎይ እያሉ ተከተሉት። አሰግድ ከሁሉም ኋላ ነው። ሴቶቹ ከቀፎዎቹ አጥር ማዶ ቆመው ያያሉ፤ የላቀው እናት እመት ትርንጎ አሉ፣ አትጠገብም አለች።

ጭቃ ሹሙ እንቅቡን አነሱ። ከሥሩ ያለው አፈር እንደተለቀለቀ ወለል ልሙጥ ሆኖ ተገኘ።

ላቀው ጎንበስ ብሎ አየ፣ መልሶ አየ። ከዚያ ወደ አሰግድ ዞረ።

«ሃምሳ አለቃ፣ አንተ አይተኸዋል። የኔን እግር ይመስል ነበር?»

አድምጡኝ። አሰግድ በዚህች ሰዓት «ያንተ አልነበረም» ቢል ያ ሰው ቤቱ ይገባ ነበር። ግን ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ታዲያ የማን ነበር?» የሚል ነው። ቀና ሲል ከአጥሩ ማዶ የአትጠገብን ፊት አየ። ነጠላዋ ወድቋል፣ አፏ ተከፍቷል።

«ዝናቡ ከሥር ሰርጎ አበላሽቶታል» አለ አሰግድ። «የማን እንደሆነ አልለየሁትም።»

ግራዝማች አምባዬ አሰግድን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። አንድ ነገር ሊሉ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ግን ተዉት። የአትጠገብም አፍ ተዘጋ። የላቀው እጅ ታሰረ።

አሰግድ እስረኛውን ይዞ ወደ አውራጃው ወረደ። መንገድ ላይ እንኳ ራሱን ያባብል ነበር፤ ዳኛ ፊት ማስረጃ ስለሌለ ይለቀቃል፣ እኔው እመሰክርለታለሁ፣ ይላል። ከወንዙ መሻገሪያ ሲደርሱ ድረስ የሚባለው የዋሴ ወንድም ከቁጥቋጦ ውስጥ ምንሽሩን ደግኖ ይጠብቅ ኖሯል። አንድ ጥይት ተኮሰ። ላቀው አሰግድ ክንድ ላይ ወደቀ።

«ለእናቴ፣» አለ፣ «ለኩኝ ብሏቸው ነበር በልልኝ።»

ሌላ ቃል አልጨመረም። ድረስ ሊያመልጥ ወደ ወንዙ ሙላት ዘሎ ገባ፤ ወንዙ ይዞት ወረደ፤ በሦስተኛው ቀን ከታች ከአሸዋው ላይ ተገኘ። ከወንድሙ በቀር ወገን አልነበረውም። ሽማግሌዎቹ ይህ ደም በአንድ ሰው አያበቃም ያሉት አልቀረም።

የዋሴ አርባ ሲወጣ አሰግድ አትጠገብን ሊያያት ሄደ። ከጓሮ ብቻዋን አገኛት፤ ባዶ ቀፎ እያጠነች ነበር። ምን ሊሰማ እንደሄደ ጠይቁኝ። ምስጋና ሊሰማ ነው የሄደው።

«ዱካሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አላት።

ቀና ብላ አየችው። አሁን ሰው ስለሌለ አንተ አለችው። «የኔን ብቻ?»

«እንዴት?»

«ከኔ እግር አጠገብ ሌላ እግር ነበር። ትልቅ፣ ተረከዙ የተሰነጠቀ። ያን ማለዳ ባሌን ጥዬ እናቴ አገር ልገባ ጥቅልሌን ይዤ ስወርድ ነው ወድቆ ያየሁት። ሰውየው ማሩን ተሸክሞ ሲሮጥ ጀርባውን አይቻለሁ። እንደ ዘንግ የረዘመ ሰው ነው፣ ያገራችን ሰው አይደለም። ላቀውማ ይኸን የሚያህል አጭር!»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም!»

«ማን ጠየቀኝ? ሴት አውጫጭኝ ትገባለች እንዴ? አንተ ስትጠይቀኝም ፈራሁ። ሰምበሬን ተሸክሜ፣ ጥቅልሌን ይዤ፣ ከባሌ ሬሳ አጠገብ ቆሜ ነበር ብል ማን ያምነኛል? ከራስ በላይ ነፋስ፣ አሰግድ። ደግሞ ዱካው አለ ብዬ ነው። ያ ትልቅ እግር ለላቀው ይመሰክርለታል ብዬ ነው። አንተ አይቼዋለሁ ብለህ የለም?»

አሰግድ ከቀፎው አጠገብ ቁጭ አለ። ዓይኑን ጨፍኖ ያንን ጭቃ ሊያስታውስ ሞከረ። ከእንቅቡ ጠርዝ አጠገብ ጎድጎድ ያለ ነገር ነበር? ተረከዝ ይመስል ነበር? ሊመጣለት አልቻለም። የሚመጣለት ያቺ የወጣች ትንሽ ጣት ብቻ ናት። «እኔ አልለመንኩህም» አለችው አትጠገብ፤ እያለቀሰች ነበር፤ «አጥፋልኝ ብዬ አልለመንኩህም።» ተነስቶ ወጣ።

ኅዳር ሲገባ ከሩቅ አውራጃ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ የመጣውም ለአሰግድ ነው። አንድ ረጅም የማር ሌባ እስር ቤት በወባ ሲሞት «ግራር አፋፍ ላይ አንድ ንብ አርቢ ገድያለሁ» ብሎ ተናዟል፣ ይላል። ከአሰግድ በቀር ያነበበው የለም። ምድጃው አጠገቡ ነበር፤ ሊያቃጥለው ይችል ነበር። ይህን ለእሱ ቁጠሩለት፤ አላቃጠለውም። በኪሱ ይዞ ወደ ግራር አፋፍ ወጣና ለመንደሩ ሁሉ አነበበው።

እመት ትርንጎ ደብዳቤውን ሰምተው አላለቀሱም። ሁለት ወንዶች ልጆች ቀርተዋቸው ነበር፤ ምንሽራቸውን ወልውለው ከተዘጋጁ ቆይተዋል። በዚያ አገር የደም እርቅ ሥርዓት አለው። ደሙ ያለበት ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ በጉልበቱ እየዳኸ፣ ከሟች ወገን ፊት ይወድቃል። የሟች እናት በእጇ ድንጋዩን ካነሳችለት ደሙ ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም፣ ማንም አይወቅሰውም። ለአንድ ደም አንድ ድንጋይ ነው፣ ለአንድ ድንጋይም አንድ ማጅራት። ጥይቱን የተኮሰው ግን በወንዝ ተወስዷል፣ የሚሸከምለት ዘመድም የለውም። እመት ትርንጎ ላቀው ከወደቀበት መሻገሪያ አንድ ጥቁር ድንጋይ አስመጡና ከዋርካው ሥር አስቀመጡ።

«ሰባት ቀን እጠብቃለሁ» አሉ። «ባለቤቱ ይምጣ። ካልመጣ ልጆቼ ራሳቸው ይፈልጉታል።»

በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዎች መጥተው ከድንጋዩ ፊት ተንበረከኩ።

መጀመሪያ የተናገሩት ግራዝማች አምባዬ ናቸው። «ወፏ ቂመኛ መሆኗን አውቄ ቃሏን አወጣሁ። እኔ ባልጠራው ስሙን ማንም አይጠራውም ነበር። ድንጋዩ የኔ ነው።»

«ወፏ ማን ናት?» አሉ እመት ትርንጎ።

«አልናገርም፣ እመት። ምያለሁ። ደግሞ ብናገር ነገ ሌላ ሬሳ አለ።»

«ለልጄ ያልተከፈተ አፍ ለኔም አልተከፈተም» አሉ እናትዮዋ፣ ቀስ ብለው።

ቀጥላ አትጠገብ ተናገረች። «ገዳዩን በዓይኔ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። ድንጋዩ የኔ ነው።»

«ልጄን ሲያስሩት ከአጠገቤ ቆመሽ ነበር። አፍሽን ከፍተሽ ዘጋሽው። ምን ልትይ ነበር?»

«‹እሱ አይደለም› ልል ነበር።»

«ሁለት ቃል ናት» አሉ እመት ትርንጎ።

አሰግድ ቆቡን አውልቆ መሬት ላይ አኖረ። «የግራዝማች መሐላ ነው። የአትጠገብ ፍርሃት ነው፤ እሷን ማንም ያስፈራታል። እኔን ግን ያስገደደኝ የለም። ዱካውን ለዝናብ የሰጠሁት ስለምወዳት ነው። ላቀው የኔ እግር ነው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ አይደለም ማለት ስችል አልለየሁም አልኩ። እመት፣ እነሱን ይተዉአቸው፤ ድንጋዩን ለኔ ይስጡኝ።»

እመት ትርንጎ አትጠገብን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ደግመው አትጠገብን አዩ።

«ሃምሳ አለቃ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። አሁን ድንጋዩን የምትለምነኝ ለልጄ ደም ነው፣ ወይስ ይህች ሴት እንዳትሸከመው ነው?»

አሰግድ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ልቡን በእውነት መረመረ፤ መልሱን አላገኘውም። አትጠገብ ፊቷን አዞረች።

ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው «ድንጋዩ በመዶሻ ለሦስት ይሰበርና ይካፈሉት» አለ። እመት ትርንጎ ተቆጡ። «ልጄን ለሦስት ቆርጬ አልቀበርኩትም! የማነሳው ከአንድ ማጅራት ነው። ያ አንዱ ታርቆ ቤቱ ይግባ። ሁለቱ ግን ደሙን ይዘው ይሄዳሉ፤ ልጆቼም ገና ወጣቶች ናቸው።» ሁለቱ ወንድማማቾች ከኋላ ቆመው ነበር፤ ምንሽራቸውን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው ሲያዞሩ ማንገቻው ሲንቋቋ ተሰማ።

ከዚያ እመት ትርንጎ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «እኔ እናት ነኝና ፍርዴ ይጣመማል። ልጄ ለኩኝ ብሎ ሲለምን የሚለካው ሰው አጣ። አሁን እናንተ እነዚህን ሦስቱን ለኩልኝ» ብለው ከድንጋዩ አጠገብ ተቀመጡ።

ለኔ የነገረኝ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ዱላውን አንስቶ ሄደ፤ ብከተለውም አልጨመረልኝም። ሦስቱ ዛሬም በጉልበታቸው እንዳሉ ናቸው፤ እናትዮዋም እየጠበቁ ነው። ድንጋዩ የሚያጎብጥም የሚያስምርም መሆኑን እንዳትረሱ። በሉ እንግዲህ፤ በመሐላው የታሰሩት ሽማግሌ፣ በፍርሃቷ የታሰረችው ሴት፣ በምኞቱ የታሰረው መርማሪ ከፊታችሁ ናቸው። የላቀው ድንጋይ ለማን ይገባዋል?